ተራራው የት ጠፋ?
ስለ መቅደላ ምሽግና ስለ ድርሰቶቻችን የቀረበ ሂስ

በአቃቂ፣ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ክፍል ውስጥ፣ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ከተጻፉት ድርሰቶች አንዳንዶቹን አንብበን ከጨረስን በኋላ ተማሪዎቼን «እስቲ መቅደላን በወረቀት ላይ ሣሉልኝ» ብዬ አዘዝኋቸው። ሥዕሎቹን ሰብስቤ ስመለከት ሁሉም የአንድ እጅ ሥራ መስለው ታዩኝ። ሹሩባ የተሠራ፣ ካባ የደረበ፣ ሽጉጡን ወደ አፉ ያስጠጋ አንድ ጀግና በወረቀቱ መካከል ቆሟል፤ ከእግሩ በታችም እንደ ጉብታ ያለ ነገር ተሠምሯል። በር የሣለ የለም፤ ቅጥር የሣለ የለም፤ እህልና ውሃ የሚወጣበትን መንገድ የሣለ የለም። አንዲት ተማሪ ብቻ ከጉብታው ጥግ ትንሽ ጎጆ ሥላ አየሁና «ይህች ደግሞ የማን ቤት ናት?» ብዬ ብጠይቃት፣ «እንጃ፣ መምህር፤ ሰው ይኖርበት የነበረ መስሎኝ ነው» አለችኝ።

ልጆቹን አልወቀስኋቸውም። የሣሉት ያነበቡትን ነውና ወቀሳው ወደ ንባቡ መመለስ አለበት። የዚህም ጽሑፍ ዓላማ ይኸው ነው። ደራስያኖቻችን መቅደላን የአንድ ታላቅ ሰው መሞቻ አድርገው ጻፉልን እንጂ ምሽግ አድርገው አልጻፉልንም። በዚህም ምክንያት የንጉሠ ነገሥቱ አሟሟት በእያንዳንዳችን ልብ ውስጥ ተቀርጾ ሲኖር፣ ምሽጉ በምን ኃይል እንደ ቆመና በምን ድካም እንደ ወደቀ የምናውቀው ጥቂት ብቻ ሆኖ ቀርቷል። ጀግናን ማወቅ መልካም ነው፤ ነገር ግን አገርን ለማስተማር ከአሟሟቱ ይልቅ አወዳደቁ ይበልጥ ይጠቅም ነበር ብዬ አምናለሁ።

አስቀድሞ ምስጋና ለሚገባቸው ምስጋና ይድረስ። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1942 ዓ.ም. «ቴዎድሮስ» የተባለውን ታሪካዊ ቲያትር ሲያቀርብ፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን ሲያሳትም፣ አቤ ጉበኛም በ1961 ዓ.ም. «አንድ ለናቱ»ን ሲያወጣ፣ ሦስቱም ያከናወኑት ሥራ ቀላል አልነበረም። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ያንኑ ንጉሥ በመድረክ ላይ አንሥቶታል። እነዚህ ደራስያን ከመነሣታቸው በፊት የቴዎድሮስ ስም በብዙዎች ዘንድ በጭካኔው ብቻ ይነሣ ነበርና፣ የአንድነትን ሐሳብ ያሰበውን፣ ሥርዓት ለማቆም የደከመውን፣ የእጅ ሥራንም ያከበረውን ሰው ለአዲሱ ትውልድ መልሰው ሰጥተውታል። ይህን ያህል ውለታ የዋሉ ሰዎች በሂስ ቢነኩ ክብራቸው አይቀንስም።

ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ የመጽሐፎቹን ስሞች ብቻ ደርድረህ ተመልከታቸው። አንዱ የሰውዬውን ስም ይዟል፤ ሁለተኛው ዕንባውን፤ ሦስተኛው እናቱ ሌላ ልጅ የሌላት መሆኑን። ከእነዚህ አንዱም እንኳ ተራራውን በስሙ አልጠራውም። ስም የድርሰት በር ነውና በበሩ ላይ ማን እንደ ተጻፈ ካየን በቤቱ ውስጥ ማን እንደ ተቀመጠ ለመገመት አያስቸግርም። መቅደላ በድርሰቶቻችን ውስጥ የሚገባው ባለታሪኩ የሚቆምበት ሰገነት ሆኖ ነው። መጋረጃው ሲዘጋም ከባለታሪኩ ጋር አብሮ ይጠፋል።

ለመሆኑ የጠፋው ነገር ምን ነበር? በአገራችን ሁለት ዓይነት ምሽግ አለ። አንደኛው የሰው እጅ የሠራው ቅጥር ነው። በ16ኛው ምእት ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው የሐረር ጁገል፣ የጎንደርንም ቤተ መንግሥታት የሚከበው የ900 ሜትር ያህል ግንብ የዚህ ምሳሌ ናቸው። ሁለተኛው ግን አምባ ነው። አምባ ማለት ዙሪያው ገደል፣ ራሱ ሜዳ የሆነ፣ ጠባብ መውጫ ብቻ ያለው ተራራ ነው። የአምባን ግንብ የሠራው ፈጣሪ ነው። ከሰው የሚጠበቀው መውጫውን በበርና በዘበኛ መዝጋት ብቻ ነው። ስለዚህ ነገሥታቶቻችን ብዙ ዘመን ግንብ ከማስገንባት ይልቅ አምባ መያዝን መረጡ። የነገሥታት ልጆች ተጠብቀው ይኖሩበት የነበረው አምባ ግሸን የታወቀ ነው። ነገር ግን እርሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ተሞክሮ ካልተደፈረ በኋላ በ16ኛው ምእት ዓመት በኢማም አሕመድ ጦር እጅ ወድቋል። ከዚህ የምንረዳው አምባ የማይደፈረው ገደሉ ስለ ረዘመ ብቻ አለመሆኑን ነው።

መቅደላ በደቡብ ወሎ፣ ከበሽሎ ወንዝ ሸለቆ በላይ፣ ከባሕር ወለል ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛል። ብቻውን የቆመ ተራራ አይደለም። ፋላና ሥላሴ የሚባሉት ሁለት ኮረብታዎች ከፊቱ እንደ ዘበኛ ቆመዋል፤ ሥላሴንና መቅደላን የሚያገናኘው እስላምጌ የሚባለው ሜዳ ነው። ከኮረብታዎቹ በታች አሮጌ የሚባለው ሜዳ ተዘርግቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ አምባውን በ1848 ዓ.ም. ከወሎ ባላባቶች እጅ ወስደው ግምጃ ቤታቸው፣ መጻሕፍት ቤታቸው፣ ግዞት ቤታቸውም አደረጉት። ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የተሰበሰቡት መጻሕፍት ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተብለው በዚያ ተከማቹ። በዚያው አምባ ላይ የየአገሩ መኳንንትና የመኳንንት ልጆች በሰንሰለት ታሰሩ። የሸዋው ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ያመለጠው ከዚያ ነው። ጳጳሱ አቡነ ሰላማም በ1860 ዓ.ም. በእስር እንዳሉ ያረፉት በዚያ ነው።

እዚህ ላይ የድርሰት ዓይን ሊያርፍበት የሚገባ አንድ ትልቅ ነገር አለ። ምሽግ የሚሠራው ጠላት እንዳይገባ ነው፤ መቅደላ ግን ከጊዜ ወደ ጊዜ የአገሩ ሰው እንዳይወጣ የሚጠበቅ ስፍራ ሆነ። ምኒልክ ባመለጠ ጊዜ የወሎዋ እመቤት ወርቂት ተቀብላ ስላሳለፈችው፣ በመያዣነት ታስሮ የነበረው ልጇ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ከገደል ተወረወረ። በመጨረሻም በጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ ጦር ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በርካታ እስረኞች ከእስላምጌ ገደል ተጣሉ። ፈጣሪ ለአምባው ግንብ አድርጎ የሰጠው ገደል በራሱ ሰዎች ላይ የሞት መሣሪያ ሆነ ማለት ነው። በማግሥቱ ስቅለት ነበር። እንዲህ ያለውን ዕለት ታሪክ አዘጋጅቶ ለደራሲ ሲሰጠው፣ ደራሲው ዓይኑን ወደ ሽጉጡ ብቻ ቢመልስ ምን ያህል እንደሚያመልጠው ለመናገር ብዙ ቃል አያስፈልግም።

ሁለተኛው ያልተጻፈ ነገር መንገዱ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በጋፋት በአውሮፓውያን ሠራተኞች እጅ ያሠሩት፣ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 70 ኩንታል ያህል ይመዝን ነበር። ይህን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለማድረስ ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ሠራዊቱ ድንጋይ እየፈለጠ፣ ገደል እየቈረጠ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ከወታደሩ ጋር ድንጋይ እያነሡ፣ የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆ የሚያሻግር መንገድ ሠሩ። በዚያን ዘመን በአገራችን እንዲህ ያለ መንገድ አልታየም ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዳሩ ግን የእንግሊዝ ጦር ወደዚያው ሸለቆ ሲደርስ ያገኘው የተዘጋጀ መንገድ ያንኑ የቴዎድሮስን መንገድ ነበር። ምሽጉን ለማጠንከር የተሠራው መንገድ ምሽጉን ለሚያፈርሰው ሰው ወለል ብሎ ተከፈተለት። ይህን የሚያህል የዕጣ ፈንታ ቀልድ የትኛውም ባለቲያትር ቢያልመው ደስ በተሰኘ ነበር። እኛ ግን በእውነት የተፈጸመልንን እንኳ በሚገባ አልተጠቀምንበትም።

ሦስተኛውና ዋናው ነገር ባላገሩ ነው። ጄኔራል ናፒየር ከዙላ ወደብ ተነሥቶ ከ600 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ተራራማ አገር አቋርጦ መቅደላ ደረሰ። ሠራዊቱ 13,000 ያህል ነበር፤ መድፍ የሚሸከሙ 44 ዝሆኖችም አስከትሏል። ይህን ያህል ሰውና እንስሳ በሰው አገር ላይ ያለ ባላገር ፈቃድ ይመገባልን? አይመገብም። ናፒየር ማርትሬዛ ብር በብዛት አምጥቶ ነበርና ለገብሱም፣ ለሣሩም፣ ለሰንጋውም በብር ከፈለ። የትግራዩ ካሳ አሳለፈው፤ የላስታው ዋግሹም ጎበዜም አልከለከለውም፤ በወሎ በኩል እመቤት መስተዋት ንጉሠ ነገሥቱ የሚያመልጡበትን አቅጣጫ እንድትዘጋ ከእርሱ ጋር ተስማማች። በአንጻሩ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር በመጨረሻዎቹ ዓመታት ቀለቡን ይሰበስብ የነበረው በዘረፋ ነበር። በ1859 ዓ.ም. ታላቂቱ ጎንደር ራሷ ተዘርፋ ተቃጥላለች። እንግዲህ ገብሱን ለእንግሊዝ የሸጠውን ገበሬ «ከሐዲ» ብሎ ለማለፍ ይቀላል፤ «ባለፈው ዓመት ጎተራውን ማን አራገፈው?» ብሎ መጠየቅ ግን ይከብዳል። ድርሰት የሚያስፈልገው የሚከብደውን ጥያቄ ለመጠየቅ ነው።

የመጨረሻውንም ቀን በዚህ ዓይን ብንመለከተው ሌላ መልክ ይኖረዋል። በስቅለት ዓርብ፣ ሚያዝያ 3 ቀን፣ በአሮጌ ሜዳ ላይ በተደረገው ውጊያ ወደ 700 የሚሆኑ የቴዎድሮስ ወታደሮች ወደቁ፤ ፊታውራሪ ገብርዬም በዚያ ሞተ። በፋሲካ ማግሥት ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ ፋላና ሥላሴ ያለ ጦርነት ተያዙ፤ አብዛኛው ሠራዊት መሣሪያውን አስቀመጠ። ንጉሠ ነገሥቱም ከጥቂት ታማኞች ጋር በአምባው በር ውስጥ ቀሩ። የእንግሊዝ ወታደሮች ወደ በሩ ሲደርሱ በሩን የሚሰብሩበትን ባሩድና የሚወጡበትን መሰላል ረስተው መምጣታቸው ታወቀ። በሩ ከውስጥ በድንጋይ ክምር ተደግፎ ነበርና አልከፈት አላቸው። ስለዚህ ጥቂት ወታደሮች ከበሩ አጠገብ በድንጋዩ ካብና በላዩ በነበረው የእሾህ አጥር ላይ ተንጠላጥለው ወደ ውስጥ ዘለሉ። ንጉሠ ነገሥቱም ከሁለተኛው በር አጠገብ ሽጉጣቸውን ጠጡ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ልብ በል። የመቅደላ በር እስከ መጨረሻው አልተሰበረም። ገደሉም አልተደረመሰም። ያነሰው ከካቡ በስተጀርባ የሚቆመው ሰው ነው። በሺህ የሚቈጠሩ ዘበኞች ቢኖሩት ኖሮ መሰላል የረሳ ጦር በእሾህ አጥር ላይ ተንጠላጥሎ ይገባ ነበርን? «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት በዚህ ስፍራ ተገልብጦ ይነበባል። ድሩ ሲበጣጠስ አንበሳው በራሱ አምባ ላይ ብቻውን ቀረ።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ምሽግን ባለታሪክ ያደረገ ድርሰት የት አለና ነው ከእኛ ደራስያን የምትጠይቀው?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለመልሱም ሩቅ አገር መሄድ ይኖርብናል። ወደ ሩቅ ምሥራቅ መመልከት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው የጻፉት ስለ እኛ እንድናስብ ነበር። ወደ ኮሪያ ደግሞ ከመጽሐፍም አልፈን በደም ተዛምደናል። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ልጆቻችን በዚያ አገር ኮረብታዎች ላይ ተዋግተዋል፤ ከ120 በላይ የሚሆኑትም ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። ስለዚህ የኮሪያ ተራራ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ፍጹም ባዕድ አይደለም።

ከሴኡል ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ናምሃንሳንሶንግ የሚባል የተራራ ምሽግ አለ። ሳንሶንግ ማለት በቋንቋቸው የተራራ ምሽግ ማለት ነው። ቅጥሩ በተራራው ጫፍ ጫፍ እየተጠማዘዘ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። የጥንቱ መሠረት እስከ 7ኛው ምእት ዓመት የሚደርስ ሲሆን፣ ንጉሥ ኢንጆ በ17ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ላይ የማንቹዎችን መምጣት ፈርቶ እንደ ገና አሠራው። ቅጥሩን የሠሩትና የጠበቁት ወታደርነትን የተማሩ የቡድሃ መነኮሳት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1636 መጨረሻ የማንቹዎች የቺንግ ጦር በክረምት በደረሰ ጊዜ ንጉሡ መኳንንቱን ይዞ ወደዚህ ምሽግ ሸሸ። ለ47 ቀን ተከበበ። ቅጥሩ ሳይፈርስ፣ እህሉ እያለቀ፣ ወታደሩ በብርድ እየሞተ፣ ንጉሣውያን ቤተ ሰቦች የተሸሸጉባት ደሴትም መያዟ ተሰማ። ንጉሥ ኢንጆ እ.ኤ.አ. በ1637 ከምሽጉ ወርዶ በወንዝ ዳር በቺንግ ንጉሥ ፊት ሦስት ጊዜ ተንበርክኮ ዘጠኝ ጊዜ ሰገደ። ድል አድራጊዎቹም በዚያ ስፍራ ውርደቱን የሚመሰክር ሐውልተ ጽሑፍ አስቆሙበት። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2014 ምሽጉን በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፈው።

ኪም ሁን የተባለው ኮሪያዊ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ2007 ስለዚህ ከበባ ልብ ወለድ ሲጽፍ ለመጽሐፉ ስም የሰጠው «ናምሃንሳንሶንግ» ብሎ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላም ታሪኩ በፊልም ተሠራ። ንጉሡን በርእሱ ላይ አላስቀመጠውም፤ ምሽጉን አስቀመጠው። በዚህም ምርጫ ምክንያት መጽሐፉ ከንጉሡ በቀር ሌሎችን ሰዎች ሁሉ ለማስገባት በር ተከፈተለት። ለወታደሩ ከብርድ መከላከያ የተሰጠችው የገለባ ምንጣፍ ተነጥቃ ለፈረስ መኖ ትሆናለች፤ ፈረሱም ሲሞት ለወታደሩ ምግብ ይሆናል። መልእክት ይዞ ቅጥሩን ዘልሎ የሚወጣው አንጥረኛ ነው። ሁለቱ ሹማምንት፣ «ተዋግተን እንሙት» የሚለው ኪም ሳንግ ሆንና «ታርቀን እንኑር» የሚለው ቾይ ምዮንግ ጊል፣ በንጉሡ ፊት ይከራከራሉ። ደራሲው ከሁለቱ አንዱን ከንቱ አድርጎ ለመሳል አልፈለገም፤ የሁለቱም ቃል አንባቢውን ያስጨንቀዋል።

ከሁሉ ይልቅ የነካኝ ግን የአንድ ሽማግሌ ጀልባ ቀዛፊ ታሪክ ነው። ሽማግሌው ንጉሡንና ተከታዮቹን በረዶ በጋገረው ወንዝ ላይ መርቶ አሻግሯል፤ ምንም ዋጋ አልተሰጠውም። ሹሙ ኪም ሳንግ ሆን «ጠላት ቢመጣስ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ጠላትን አሻግሮ ጥቂት እህል ለማግኘት ተስፋ እንደሚያደርግ ሳይደብቅ ይነግረዋል። ሹሙም ጠላት መንገዱን እንዳያገኝ ሽማግሌውን ይገድለዋል። ኋላ ግን ከሽማግሌው ቤት የሆነች ልጅ እርሱን ፍለጋ ወደ ምሽጉ ትመጣለች፤ ሹሙም በየቀኑ ፊቷን ማየት ግድ ይሆንበታል። ይህን ሳነብ ገብሱን ለናፒየር የሸጠው የእኛ ገበሬ በዓይኔ መጣ። ኮሪያዊው ደራሲ የምሽግን ታሪክ ከምሽጉ ውጭ፣ በወንዙ ዳር፣ እህል በቸገረው ሽማግሌ ጀመረው። ቅጥሩ ገና ሳይከበብ መሰንጠቁን በዚያ አሳየን።

የሁለቱ አገሮች ታሪክ አንድ ነው ለማለት አይደለም። የእነርሱ ንጉሥ ተንበረከከ፤ የእኛ ንጉሥ አልተያዘም። የእነርሱ ምሽግ የተሠራው ንጉሥ እንዲሸሽበት ነበር፤ የእኛ አምባ ግን ግምጃ ቤትና ግዞት ቤትም ነበር። ደግሞም የእኛ ጠላት መንግሥቱን ሊቀማ ሳይሆን እስረኞቹን አስለቅቆ፣ ቅርሱን ዘርፎና አምባውን አቃጥሎ ሊሄድ የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ከልዩነቱ አንድ የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን። ውርደት የደረሰበት ሕዝብ ታሪኩን ሳይሸሽግ ከሥር ከመሠረቱ ሲመረምረው፣ ክብር የቀረለት ሕዝብ ግን በክብሩ ተጋርዶ መሠረቱን ሳይመረምር ቀረ። የቴዎድሮስ ሞት እጅግ ከማማሩ የተነሣ ዓይናችንን አጥበርብሮታል። ያን የመሰለ ፍጻሜ ያለው ሰው እንዴት ብቻውን እንደ ቀረ ለመጠየቅ የሚደፍር ጥቂት ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ተቃውሞ አለ። «ትራጄዲ የአንድ ሰው ታሪክ ነው፤ ባለታሪኩን ከመካከል አውጥተህ ድንጋይና ገብስ ብታገባበት ድርሰቱ ይሞታል» የሚሉ ይኖራሉ። ለመድረክ በተጻፈ ቲያትር ረገድ ይህ አባባል እውነትነት አለው። ግርማቸውም ሆነ ጸጋዬ በጥቂት ሰዓት ውስጥ፣ በአንድ መድረክ ላይ፣ የአንድን ሰው ነፍስ ሊገልጹልን ተነሥተዋልና ተራራውን በመጋረጃ ቢያሳዩን አይፈረድባቸውም። ልብ ወለድ ግን ሰፊ ቤት ነው። ገበሬውንም፣ እስረኛውንም፣ መድፉን የሚጐትተውንም፣ በእሾህ አጥሩ በስተኋላ ቆሞ «ልሽሽ ወይስ ልቁም?» የሚለውን ዘበኛም ሊያስተናግድ ይችላል። ደግሞስ ባለታሪኩን ማሳነስ ይሆናል የሚባለው ለምንድር ነው? በዙሪያው ያሉት ሰዎች ሕያዋን ሲሆኑ ብቸኝነቱ ይበልጥ ይሰማል እንጂ አይቀልም። ንጉሠ ነገሥቱን ከቀለም ሥዕል አውጥቶ ሰው የሚያደርጋቸው ይህ ነው።

ለሥራው መነሻ የሚሆን ጽሑፍም አልጠፋም። አለቃ ዘነብ የጻፉት የቴዎድሮስ ታሪክ ከፍጻሜው አስቀድሞ ይቋረጣል፤ አለቃ ወልደ ማርያም ግን እስከ መቅደላ ፍጻሜ ያደርሱናል። በአምባው ላይ ታስረው የነበሩት ራሳምና ሐኪሙ ብላንክ ከተፈቱ በኋላ ያዩትን ጽፈዋል። የባዕድ ዓይን የሚስተው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ታሳሪ በሩንና ዘበኛውን ለማየት ጊዜ አለውና ጽሑፋቸው ለጥንቁቅ ደራሲ ይጠቅማል። ተክለ ጻድቅ መኵሪያም በ1981 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዐፄ ቴዎድሮስና የኢትዮጵያ አንድነት» ብዙውን አሰናድተው አቆይተዋል። የቀረው የደራሲ ትጋት ነው።

በዘመናችን ስለ መቅደላ ሲነገር የሚሰማው ስለ ተወሰደው ነገር ነው። በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ያሉት ከ300 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት፣ በብሪታንያ ቤተ መዘክር የተቀመጡት ታቦታት፣ በባዕድ አገር የተቀበረው የልዑል ዓለማየሁ ዐፅም ይመለሱ ዘንድ ይጠየቃል፤ የንጉሠ ነገሥቱ ጸጉር በ2011 ዓ.ም. ተመልሷል። መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ሁሉም እስኪመለስም ድምፃችን ሊቋረጥ አይገባም። ነገር ግን ተራራውን ማንም አልወሰደውም። ፋላና ሥላሴ በቦታቸው አሉ። ሴባስቶፖልም ከዚያ ሁሉ ድካም በኋላ በደረሰበት አምባ ላይ ወድቆ አለ። ይህን ለማግኘት የሎንዶንን ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ደራሲው ስንቁን ይዞ በበሽሎ በኩል ወጥቶ፣ በሩ የነበረበትን ስፍራ በዓይኑ አይቶ፣ የአገሩን ሽማግሌዎች ጠይቆ መመለስ ነው።

ወደ ተማሪዎቼ ልመለስ። በማግሥቱ ከክፍል አወጣኋቸውና ከአቃቂ ሜዳ ላይ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው የረርን እንዲመለከቱ አደረግሁ። «ይህ ተራራ የእናንተ ምሽግ ነው እንበል» አልኋቸው። «በሩን የት ታደርጋላችሁ? ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ? እህሉን የሚያወጣላችሁ ማን ነው?» የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች በሳቅና በክርክር መለሱ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። ከጥቂት ጊዜም በኋላ ያች ጎጆዋን የሣለች ልጅ «ከሥር ያሉት ገበሬዎች ናቸዋ» አለች፤ ቀጥላም «እነርሱ እንቢ ካሉንስ?» ብላ ጠየቀች። እኔም «ይህንኑ ጥያቄ ጻፊው» ብዬ ወረቀቱን መለስሁላት።